የባምቢሱ የመብራት ፖል የማን ልጅ ነው?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ዑራኤል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ናችሁ እንበል። ረዳቱ «ባምቢስ ወራጅ!» ይላል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይመልሳል። ታክሲው ጥግ ይይዛል፣ ሰውየው ይወርዳል፣ ጉዞ ይቀጥላል። «ባምቢስ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ረዳቱም ሹፌሩም ተሳፋሪውም ያውቁታል።

አሁን ደግሞ አንድ ቢሮ ገብታችሁ ቅጽ ሙሉ። ቅጹ እንዲህ ይጠይቃችኋል፦ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። «ባምቢስ» የሚጻፍበት መስመር የለም። ባምቢስ ክፍለ ከተማ አይደለም፤ ወረዳም አይደለም። ስሙ የመጣው በግሪካዊ ባለቤቱ ስም ከተጠራው ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ነው፤ የሱቅ ስም የሰፈር ስም ሆነና ቀረ። ጎረቤቱ ካዛንቺስም ታሪኩ ይመሳሰላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ የጣሊያን ተቋም ነበር፤ በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባላል። «ካሴ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በእኛ አፍ ሲሽሞነሞን ካዛንቺስ ሆነ። ሁለቱም ሰፈሮች ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ቅጹ የሚያውቀው ግን ቂርቆስን ብቻ ነው።

ጉዳዩ ይኸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈገግ ብለን ባለፍነው። ነገር ግን ከተማ የምታስተዳድራቸው ዕቃዎች ሁሉ፣ ማለትም ፖሉ፣ የውኃ ቧንቧው፣ ማንሆሉ፣ ትራንስፎርመሩ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚመዘገቡት በዚሁ የቅጽ አስተሳሰብ ነው። የዛሬው ትችታችን ያነጣጠረው በዚህ አስተሳሰብ ላይ ነው። ብዙ የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌሮች «አንድ ልጅ፣ አንድ ወላጅ» በሚል ሕግ ይሠራሉ። ሕጉ ለፕሮግራመሩ ይመቻል፤ ለከተማው ግን አይበቃም።

ዛፉ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ዕቃዎችን ከትልቅ ወደ ትንሽ ስናደራጅ የሚፈጠረው መዋቅር ተዋረድ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ፣ በውስጡ ሕንፃ፣ በውስጡ ፎቅ፣ በውስጡ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ ፕሮጀክተር። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን «ዛፍ» ይሉታል፤ ምክንያቱም ከአንድ ግንድ ተነሥቶ ወደ ቅርንጫፍና ወደ ቅጠል ስለሚሄድ ነው። ከላይ ያለውን «ወላጅ»፣ ከሥር ያለውን «ልጅ» ይሉታል።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ይህ ሁሉ ቀላል ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ረድፍ አለው። በረድፉ ላይ ስሙ፣ የተገዛበት ዓመት፣ ዋጋው ይጻፋል። ከዚያ «ወላጅ» የምትል አንዲት ሳጥን አለች። ፕሮጀክተሩ ረድፍ ላይ «ክፍል 204» ተብሎ ይሞላል። ክፍል 204 ረድፍ ላይ «ሁለተኛ ፎቅ» ይላል። እንዲህ እያለ እስከ ግንዱ ይወጣል።

ሳጥኗ አንድ ናት። አንድ ሳጥን ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ትቀበላለች። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ሳጥን ነው።

ዛፍን ግን እንዲሁ አንናቀው። ዛፍ ለመደመር ምቹ ነው፦ የክፍሎቹን ዋጋ ደምረህ የፎቁን፣ የፎቆቹን ደምረህ የሕንፃውን ታገኛለህ። ኃላፊነትም ግልጽ ይሆናል፤ አንድ ዕቃ ሲጠፋ የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው። ትንሽ ቢሮ ውስጥ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ለመቁጠር፣ ከዛፍ የተሻለ መሣሪያ የለም። ችግሩ የሚመጣው ከቢሮ ወጥተን መንገድ ላይ ስንቆም ነው።

አንድ ፖል፣ አራት ጥያቄ

እስቲ ባምቢስ ጋ ወርደን አንድ የመብራት ፖል ሥር እንቁም። ፖሉን መመዝገብ አለብን። ወላጁ ማን ነው?

አንደኛው ጥያቄ፦ የት ነው የቆመው? መልሱ አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ፣ ከዚያ ወረዳው፣ ከዚያ መንገዱ ነው። ይህ የቦታ ዛፍ ነው።

ሁለተኛው፦ ኤሌክትሪኩ በየት በኩል ነው የሚመጣለት? መልሱ ከማከፋፈያ ጣቢያ፣ በአንድ የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር፣ በአንድ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ከፖሉ ደግሞ ወደ ቤቶች ቆጣሪ ይወርዳል። ይህ የሥራ ዛፍ ነው።

ሦስተኛው፦ ቢወድቅ የሚያነሣው ማን ነው? መልሱ አንድ ተቋም፣ በውስጡ አንድ ቅርንጫፍ፣ በውስጡ አንድ የጥገና ቡድን ነው። ይህ የኃላፊነት ዛፍ ነው።

አራተኛው፦ ራሱ ምንድን ነው? የእንጨት ነው፣ የኮንክሪት ነው ወይስ የብረት? ይህ የዓይነት ዛፍ ነው።

አራቱም መልሶች ትክክል ናቸው። አንዱ ሌላውን አይሽርም። ሶፍትዌሩ ግን «አንዱን ምረጥ» ይላችኋል። እዚህ ላይ የሀገራችን ተረት ትዝ ይለናል፦ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። በቅሎዋ ለምን ዞር ያለ መልስ እንደሰጠች ሁላችንም እናውቃለን። ግን ከጠያቂው በኩል እንየው፤ ሁለት የተለያዩ ወላጆች ያሏትን ፍጥረት ስለ አንዱ ብቻ ብንጠይቃት የምናገኘው ግማሽ ታሪክ ነው።

ሦስቱ መልሶች የት ይሄዳሉ? ብዙ ጊዜ «ማስታወሻ» የምትባል ዓምድ ውስጥ ይወረወራሉ። እዚያ አንዱ «ትራ. 3»፣ ሌላው «ትራንስፎርመር ሦስት»፣ ሌላው «ከሱፐርማርኬቱ ፊት ለፊት ያለው» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ሦስቱ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። የቀረው ዕውቀት አንድ ነባር ቴክኒሺያን ጭንቅላት ውስጥ ይኖራል። እሱ ጡረታ የወጣ ዕለት ዕውቀቱም አብሮ ጡረታ ይወጣል።

ጉዳቱ ምን ላይ እንደሚታይ እናስበው። ማታ ትራንስፎርመር ተቃጠለ እንበል። ጥያቄው «የትኞቹ ቤቶች ጨለሙ? ከመካከላቸው ክሊኒክ አለ ወይ?» የሚል ነው። ይህን የሚመልሰው የሥራ ዛፍ ብቻ ነው። መዝገቡ በወረዳ ብቻ ከተደራጀ የወረዳው ፖሎች ሁሉ ይመጡልናል። የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ የወረዳ ድንበር አያውቅም፤ አንዱን ወረዳ አቋርጦ ሌላው ውስጥ ይገባል። በተቃራኒው፣ ነገ ጠዋት ቆፋሪ ማሽን መንገዱ ላይ ሊሰማራ ነው እንበል። ጥያቄው «እዚህ መንገድ ሥር ምን ምን አለ?» ይሆናል። አሁን የሚያስፈልገን የቦታ ዛፍ ነው፤ የውኃው፣ የቴሌው፣ የመብራቱ፣ የፍሳሹ መስመር አንድ ላይ መታየት አለበት። ትክክለኛውን ዛፍ ያጣ ሰው ኬብል ይበጥሳል፤ ሰፈሩ ኔትወርክ ያጣል፤ ከዚያ ማን ቆረጠው የሚለው ንትርክ ይከተላል።

ጨረቃ ላይ የወጣው ዛፍ

ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ ዕድሜው ከኮምፒውተር ዳታቤዝ ዕድሜ ጋር እኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ከአጋሮቹ ጋር ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የሚያገለግል ሶፍትዌር መሥራት ጀመረ። ሳተርን 5 ሮኬትና መንኮራኩሩ እጅግ ብዙ ክፍሎች ነበሯቸው። የትኛው ብሎን የየትኛው ሞተር አካል እንደሆነ መዝግቦ መያዝ ያስፈልግ ነበር። መፍትሔው «አይኤምኤስ» የተባለ ሥርዓት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራ ጀመረ። አይኤምኤስ ዳታውን የሚያስቀምጠው በዛፍ ነበር። ለሮኬት ይሠራል፤ ሞተር ውስጥ ፓምፕ፣ ፓምፕ ውስጥ ብሎን አለና።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በአይቢኤም ይሠራ የነበረ ኤድጋር ኮድ የሚባል እንግሊዝ ተወላጅ የሒሳብ ሰው አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ምሳሌው ቀላል ነበር፦ ዕቃዎች አሉ፣ ፕሮጀክቶች አሉ። አንድ ዕቃ በብዙ ፕሮጀክት ውስጥ ይገባል፤ አንድ ፕሮጀክትም ብዙ ዕቃ ይጠቀማል። ታዲያ ወላጁ ዕቃው ነው ወይስ ፕሮጀክቱ? ኮድ ይህንኑ መረጃ በአምስት የተለያዩ አደረጃጀቶች አሳየ። ከዚያ ዋናውን ችግር አነሣ፦ ፕሮግራሙ የተጻፈው አንዱን አደረጃጀት አምኖ ከሆነ፣ አደረጃጀቱ ሲቀየር ፕሮግራሙ ይሰበራል።

መፍትሔው ዝምድናውን ከዕቃው መነጠል ነበር። ዕቃው በራሱ ሰንጠረዥ ይቀመጥ፤ ፕሮጀክቱ በራሱ ሰንጠረዥ ይቀመጥ፤ «ይህ ከዚያ ጋር ይገናኛል» የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ሰንጠረዥ ይሁን። ዛሬ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ የስልካችሁ አፕም የሚጠቀምበት የዳታቤዝ ዓይነት ከዚህ ሐሳብ የወጣ ነው። ኮድ እ.ኤ.አ. በ1981 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን፣ ተቀብሏል።

ትችታችንን የሚያጠነክረውም ይኸው ነው። ከሥር ያለው ዳታቤዝ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከዛፍ ነፃ ወጥቷል። ከላይ የተሠራው የንብረት ሶፍትዌር ግን «ወላጅ» የምትል አንዲት ሳጥን አስቀምጦ ወደ 1960ዎቹ መልሶናል።

ሃያ ቡድኖችና አንድ ሚሊዮን ቡድኖች

ከኮድ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ክሪስቶፈር አሌግዛንደር የተባለ አርክቴክት ተመሳሳይ ነገር ስለ ከተማ ጽፎ ነበር። የጽሑፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከተማ ዛፍ አይደለም» የሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ወጣ።

አሌግዛንደር የወሰደው ምሳሌ በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ አንድ መንገድ ጥግ ነው። እዚያ መድኃኒትና ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። በሩ ላይ የጋዜጣ መደርደሪያ ቆሟል። ፊት ለፊት የትራፊክ መብራት አለ። መብራቱ ቀይ ሲሆን እግረኛው ይቆማል፤ ሲቆም ዓይኑ ጋዜጣው ላይ ያርፋል፤ አንዳንዱ ገዝቶ ይሄዳል። ስለዚህ መብራቱ፣ የእግረኛ መንገዱና መደርደሪያው አብረው አንድ ነገር ይሠራሉ። የከተማው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ግን መብራቱ የትራፊክ ክፍል፣ መደርደሪያው የሱቁ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ቅርንጫፍ የለም።

ባምቢስ ጋ ይህን ለማየት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም። ታክሲ የሚቆምበት ቦታ ሊስትሮ ይኖራል፤ ሊስትሮው የሚቀመጠው ጥላ ባለበት ነው፤ ጥላው የሚመጣው ከአንድ ዛፍ ወይም ከሱቅ ታዛ ነው። ታክሲ ማቆሚያው ሃምሳ ሜትር ቢሸሽ ሊስትሮውም ይነሣል።

አሌግዛንደር አንድ የሚያስገርም ቁጥርም ሰጥቷል። ሃያ ነገሮች አሉን እንበል። በዛፍ ካደራጀናቸው የምናገኛቸው ስብስቦች ቢበዛ 19 ናቸው። ለምን 19? ጥሎ ማለፍ ውድድርን አስቡ። ሃያ ቡድኖች አንድ ሻምፒዮን እስኪቀር ድረስ ስንት ጨዋታ ያደርጋሉ? እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ቡድን ያሰናብታል፤ 19 ቡድን መሰናበት አለበት፤ ስለዚህ 19 ጨዋታ። ዛፍም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሁለቱን አንድ ያደርጋል፣ ከሃያ ተነሥቶ አንድ ላይ ለመድረስ 19 መገጣጠሚያ ይበቃዋል።

መደራረብ ከተፈቀደስ? ለእያንዳንዱ ነገር «አለበት» ወይም «የለበትም» የሚል ሁለት ምርጫ አለን። ሁለትን በራሱ ሃያ ጊዜ ስናባዛ 1,048,576 ይመጣል። ከ19 ወደ ከአንድ ሚሊዮን በላይ! በእርግጥ ይህ ሁሉ ስብስብ ትርጉም ይኖረዋል ማለት አይደለም። ነገር ግን «ትርጉም ያላቸው የትኞቹ ናቸው?» የሚለውን መወሰን ያለበት ከተማውን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሳጥኗን ያስቀመጠው ፕሮግራመር አይደለም።

ርስት፦ የእኛው ተለዋዋጭ ተዋረድ

ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። መታወቂያችን ላይ የሚጻፈው የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ይህ ንጹሕ ዛፍ ነው፤ እናት የለችበትም። ጋብቻ ሲመጣ ግን ሽማግሌዎች ሰባት ቤት የሚቆጥሩት በአባትም በእናትም በኩል ነው። በአንዱ ብቻ ቆጥረው ቢተዉ ዘመዳሞች ሊጋቡ ነው።

የአማራ ገበሬ የቀድሞ ርስት ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ ነው። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ውስጥ ጥናት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አውጥቷል። ያሳየው ነገር እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው የመሬት ጥያቄ የሚያነሣው በአባቱ ብቻ ሳይሆን በእናቱም በኩል፣ ከሁለቱም ወደ ላይ በሚቆጠሩ አያት ቅድመ አያቶቹ በኩል ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የብዙ ዘር ሐረግ አባል ይሆናል። ያ ማለት አንድ ልጅ፣ ብዙ ወላጅ፣ ብዙ ዛፍ ነው። አያቶቻችን ያለ ኮምፒውተር ይህን በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ግን እውነቱን እንናገር። ርስት በክርክርም የታወቀ ነበር። ብዙ ዛፍ ካለ ብዙ ጠያቂ አለ፤ ብዙ ጠያቂ ካለ ሙግት አያልቅም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት እስኪያስቀረው ድረስ የርስት ሙግት የብዙ ገበሬ ዕድሜ በልቷል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዛፉ ራሱ ሲንቀሳቀስ

እስካሁን ያየነው ፖሉ ብዙ ወላጅ እንዳለው ነው። ሌላው ጉዳይ ወላጆቹ ራሳቸው መቀያየራቸው ነው።

የአዲስ አበባን አድራሻ ተመልከቱ። በደርግ ዘመን «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ነበር። በኋላ «ወረዳ» እና «ቀበሌ» ሆነ። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ክፍለ ከተማ» እና «ቀበሌ» መጣ። ከዚያ ቀበሌ ቀርቶ «ክፍለ ከተማ» እና «ወረዳ» ሆነ። «ወረዳ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ተጨመረ። ያ ሁሉ ሲሆን ቤቱ አንድ ኢንች አልተንቀሳቀሰም። አድራሻው ግን በእናት፣ በልጅና በልጅ ልጅ ዘመን ሦስት ዓይነት ነው።

የኃላፊነት ዛፍም ይሰነጠቃል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ፦ አንዱ ኃይል የሚያመነጭና የሚያስተላልፍ፣ ሌላው ለደንበኛ የሚያከፋፍልና የሚሸጥ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ እያንዳንዱ ትራንስፎርመር አዲስ ወላጅ ይፈልጋል።

አንዳንዴ ደግሞ ቦታው ራሱ ይለወጣል። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፣ ነዋሪዎች ወደ ሌላ አካባቢ ሄደዋል፣ መንገዱና ከመንገዱ ሥር ያለው መስመር እንደገና ተሠርቷል። ነባር ቆጣሪና ነባር ቧንቧ መዝገብ ላይ ምን ይሁኑ? አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ሶፍትዌር የድሮውን መልስ አጥፍቶ አዲሱን ይጽፋል። ከዚያ «ይህ መስመር በ2015 ማንን ያገለግል ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ የለውም። ታሪክ በአንድ ቁልፍ ጠቅታ ጠፋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ መሸኛ። የቀበሌ መታወቂያ ሰውን ከአንድ ቅርንጫፍ ጋር ያስረዋል። ቦታ ስትቀይሩ ከድሮው ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለባችሁ፤ አለበለዚያ አዲሱ አይቀበላችሁም። ማንነታችሁ ከቦታችሁ ጋር ተሰፍቷል። የፋይዳ ቁጥር የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ባለ 12 አኃዝ ቁጥሩ የክልል ወይም የወረዳ ምልክት አይደለም። ብትዛወሩ አድራሻችሁ ይቀየራል፣ ቁጥራችሁ ግን ያው ነው። ለፖሉም የምንመኘው ይህንን ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

ሶፍትዌር የሚያሠራ ወይም የሚገዛ መሥሪያ ቤት አቅራቢውን አምስት ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለናል።

አንደኛ፣ የዕቃው መለያ ቁጥር በዛፉ ላይ ካለው ቦታ ነፃ ይሁን። «አአ-ቂር-ወ7-ፖል-31» የሚል መለያ ያምራል፤ ወረዳው የተቀየረ ዕለት ግን ውሸት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ዕቃ ላይ ከአንድ በላይ ዛፍ ይፈቀድ። ይህ ሕልም አይደለም። 81346 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አንድን ዕቃ በሦስት ገጽታ እንድንሰይመው ይፈቅዳል፦ ለሥራው «=»፣ ለዕቃው አካልነት «-»፣ ለቦታው «+» ምልክት ይጠቀማል። ሦስቱም ስሞች የአንዱ ዕቃ ናቸው። አንዳንድ የንብረት ሶፍትዌሮችም ይህን ዛሬ ይችላሉ፤ ገዢው ካልጠየቀ ግን ማንም አያቀርብለትም።

ሦስተኛ፣ የደረጃዎቹ ቁጥር አይቆለፍ። «ሕንፃ፣ ፎቅ፣ ክፍል» የሚል የግድ ደረጃ ያለው ሶፍትዌር ማንሆል ሲመጣለት ምን ይሆናል? ማንሆል ፎቅ የለውም። መዝጋቢው «ፎቅ 0፣ ክፍል ሌላ» ብሎ ይሞላል። ሥራው እንዲያልፍለት ነው፤ አንፈርድበትም። ሶፍትዌሩ ነው እንዲዋሽ ያስገደደው። ቴክኒኩም ከባድ አይደለም፤ ኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ቋንቋ ጥልቀቱ ያልታወቀ ዛፍ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ትእዛዝ በደረጃው ውስጥ ካካተተ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው።

አራተኛ፣ ዝምድና ቀን ይኑረው። «ይህ ፖል ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን በዚህ ትራንስፎርመር ሥር ነበር» ይባል። የድሮው አይጥፋ፣ ይዘጋ።

አምስተኛ፣ የሕዝብ ስም ቦታ ይኑረው። «ባምቢስ» ድንበሩ የታወቀ ወረዳ አይደለም። ግን መብራት ጠፋብኝ ብሎ የሚደውል ሰው የሚናገረው እሱን ነው። ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ «ባምቢስ» ብሎ ሲጽፍ ሲስተሙ «አልተገኘም» ካለው ጥፋቱ የደዋዩ አይደለም።

ለራሳችን ተቃውሞ

አሁን ወደ ርስቱ ሙግት እንመለስ። ተለዋዋጭ ተዋረድ በነፃ አይመጣም።

አንደኛው ዋጋ ድርብ ቆጠራ ነው። ለምሳሌ ያህል 30 ፖሎች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ 12ቱ የቴሌ ኬብልም ተሸክመዋል እንበል። የመብራቱ ዛፍ 30 ይላል፣ የቴሌው ዛፍ 12 ይላል። ያልጠረጠረ ሰው ደምሮ 42 ፖል ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። መሬት ላይ ያሉት 30 ናቸው። ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ የሚቆጠረው ዕቃው ነው፣ በመለያ ቁጥሩ፣ አንድ ጊዜ። ዛፍ መመልከቻ መስኮት እንጂ መቁጠሪያ አይደለም።

ሁለተኛው ዋጋ የኃላፊነት መድበስበስ ነው። «ሁሉም ወላጅ ነው» ከተባለ፣ ፖሉ ሲወድቅ ማንም ወላጅ አይሆንም። ስለዚህ ዛፎቹ ብዙ ይሁኑ፤ በኃላፊነት ዛፍ ላይ ግን አንድ ፖል አንድ ወላጅ ብቻ ይኑረው። መተጣጠፍ ማለት ሕግ አልባ መሆን አይደለም፤ የትኛው ሕግ የት እንደሚሠራ መምረጥ ነው።

ሦስተኛው ዋጋ ድካም ነው። አራት ዛፍ መሙላት አንድ ከመሙላት ይከብዳል። ሁሉም መሥሪያ ቤት ሁሉንም አያስፈልገው ይሆናል። የአንድ ትምህርት ቤት ወንበር የሥራ ዛፍ አይፈልግም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ሁሉም ሰው አራት ዛፍ ይሙላ» የሚል አይደለም። ጥያቄያችን ሁለተኛው ዛፍ ያስፈለገ ቀን ሶፍትዌሩ በሩን እንዳይዘጋ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ተማሪዎች አንድ ነገር ብትሞክሩ ደስ ይለናል። ከቤታችሁ ወጥታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ፤ ማንሆል፣ የቧንቧ ውኃ ቆጣሪ፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ ምንም ይሁን። ወረቀት ላይ መሐል አድርጋችሁ ሳሉት። ከዚያ «የት ነው? ለምን ይሠራል? ኃላፊው ማነው? ምንድን ነው? ሰፈሩ ምን ይለዋል?» ብላችሁ ጠይቁና ለእያንዳንዱ መልስ አንድ መስመር ወደ ላይ ስቡ። ስንት መስመር ወጣላችሁ? ነገ ከመካከላችሁ አንዷ ወይም አንዱ የዚህን ከተማ የንብረት ሶፍትዌር መሥራታችሁ አይቀርም። ያኔ «ወላጅ» የምትለዋን ሳጥን ስትስሉ ያቺን ወረቀት አስታውሷት፤ ከአንድ በላይ መልስ የምትይዝ አድርጋችሁ ሥሯት።